ስድስት ነጥብ

በእኛ አገር ጋዜጣ ዘፈን የሚዳኘው
በዳይስ ሥዕል ነው፤ ስድስት ነው ትልቁ፣ አንድ ነው መናኛው።
በርገን ስድስት አለ፤ ኦስሎም ስድስት ደገመ፤
የስታቫንገሩ ሰባት ስለሌለ ቅር ብሎት ከረመ።

«ከበረዶ በታች» ይሰኛል አልበሙ፤
አራት ወጣት ናቸው፣ ባንድ ክረምት ብቻ አገር ያስደመሙ።
ጎረቤቴ ቦርግሂልድ ሸክላውን አምጥታ አዋሰችኝ፤
ጓንቷን ሳታወልቅ፣ በር ላይ እንደቆመች፣
«እኔ አልቅሼበታለሁ፤ አንተም ተዘጋጅ» ብላ አስጠነቀቀችኝ።

እኔ ምን አውቃለሁ?
አርባ ዓመት ሙሉ ከጀልባ ሞተር ሥር ጆሮዬን አኑሬ፣
የትኛው ፒስተን እንደሚዋሽ በድምፁ መርምሬ፣
ጡረታ የወጣሁ፣ ቅባቱ ከጥፍሬ ያልለቀቀኝ ሰው ነኝ፤
ለዘፈን ዳኝነት ማንም አልጠራኝ።
ግን ሰማሁት። ሦስቴ። አንዴ በቀን፣ ሁለቴ ሌሊት፣
መብራት አጥፍቼ፣ የፊዮርዱ ውሃ ሲላጋ ከመስኮቴ ፊት።

ሳክስፎኑ ይገባል፤ እንደ ጉም ይገባል፤
ቀስ ይላል፣ ይቆያል፣ ቆይቶ ይቆያል።
ፒያኖው አንድ ቁልፍ ነክቶ ይጠብቃል፤
ምን እንደሚጠብቅ እሱስ መች ያውቃል?
ባሱም ሰው ሳይሞት ልቅሶ እንደ ደረሰ
ጥግ ይዞ ይቆማል፣ ጥቁር እንደለበሰ።

ከዚያ ቫዮሊኑ፣ የኛው፣ የሸለቋችን፦
ላዩ አራት ክር፣ ደጋን የሚዳስሰው፣
ሥሩ አምስት ክር፣ ማንም የማይነካው፤
ላዩ ሲያለቅስ ግን ሥሩ የሚያነባ፣
ሳይጠሩት እንደሚደርስ የሥጋ ዘመድ።
የራሱን ማሚቶ በሆዱ ለያዘው
የማሽን ማሚቶ ምን ሊጨምር ነው?
ወተት ላይ ውሃ ነው።

አጎቴ ሲቨርት ይህንኑ ዜማ ሰርግ ላይ ሲጫወት
ተረከዙ ነበር ከበሮው፤ ወለሉን ሲወግረው ያድራል ሌሊት ሌሊት።
ዛሬም ሳንቃው ላይ ጎድጓዳው አለ፤
እናቴ ስትቀልድ፣ ድመታችን ወተት ትጠጣበታለች ትል ነበር።
የት ሄደ ያ እግር?
አሥሩንም ዘፈን እንደ ጠፋ ቁልፍ ኪስ በኪስ በረበርኩ፤
ጣት አገኘሁ፣ ትንፋሽ አገኘሁ፣ እግር ግን አጣሁ።

የተቀዳው ደግሞ ደብሩ ውስጥ ነው፤ እዚህ ላይ ነው የምስቀው።
«የሰይጣን ሳጥን ነው» ብሎ ያወገዘ፣
ከየቤቱ ለቅሞ እሳት የማገደ፣
ያው ደብር፣ ያው ጣራ፣ ማሚቶ አከራየ።
የሲቨርት አያት ቫዮሊኗን ዱቄት በርሜል ውስጥ ቀብሮ አተረፋት፤
ያኔ ከእሳት አምልጣ፣
ዛሬ በአክብሮት ሞተች።
አገሩ በሙሉ ድምፅ ሰጣት፤
እሷ ግን ድምፅ የላትም።

ይህን ለቦርግሂልድ ብነግራት ከትከት ብላ ሳቀች፦
«ከበሮ በሰው እጅ ያምር፣ ሲይዙት ያደናግር! እስቲ አንተ ተጫወት።»
እውነቷን ነው። ጣቴ መፍቻ እንጂ ደጋን አያውቅም።
ጆሮም ለባለቤቱ ባዳ ነው፤ ምናልባት
የሰማሁት ሲቨርትን ነው፣ ልጆቹን አይደለም።

ግን አንድ ቦታ አለ።
ሰባተኛው ዘፈን ሊያልቅ ሲል፣
ራግንፍሪድ የምትባለዋ ልጅ ደጋኗን ስታነሳ፣
ወንበር ሲጥ ይላል፤ ሰው ይተነፍሳል፤
ከዚያ ተረከዝ፣
አንዴ፣ ሁለቴ፣ ሦስቴ፣ ሳታስበው አምልጧት፣
ድንጋዩ ወለል ላይ፤
አምስቱ የሥር ክሮች ብድግ ይላሉ።
እኔም ብድግ።
አሥራ ሁለት ሰከንድ፤ በሰዓት ቆጥሬያለሁ።
ከዚያ ያ ጉም መጥቶ ሁሉን አለበሰው።

ዳይሱን ለእኔ ቢሰጡኝ ሦስት ነበር የምጥለው፤
ሦስት፣ ከዚያ በላይ እንዳትለምኑኝ።
ለአሥራ ሁለቷ ሰከንድ ግን ዳይሱ ጎን የለውም።

ትናንት ቦርግሂልድ «ሸክላዬን መልስ» ብላ ደወለች።
«ነገ» አልኳት።
መርፌው እዚያች ቦታ ሲመላለስ፣ ሲመላለስ፣
ትንሽ ጎድጓዳ እንዳበጀ
ገና አልነገርኳትም።